ሊደፋ የነበረ የዓይን ፈሳሽ፦ የቪኢጂኤፍ ጉዳይ

«ዓይንዎ ውስጥ መርፌ እንወጋለን» ሲባል የማይደነግጥ ሰው የለም። ግን ይህ መርፌ ዛሬ የዓይን ሐኪሞች የየዕለት ሥራ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አረጋውያን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ቀጠሮ ይዘው ይወጋሉ። አዲስ አበባም የሬቲና ሐኪም ዘንድ ለተመላለሰ ሰው «አቫስቲን» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም።

የመርፌው ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው ከመድኃኒት ፋብሪካው ጀምሮ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀደም ብዬ መጀመር እፈልጋለሁ። በቀዶ ጥገና ጊዜ ከሰው ዓይን ወጥቶ ሊደፋ ከነበረ ፈሳሽ። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የተለካው ቪኢጂኤፍ የሚባል፣ የደም ስር የሚያሳድግ ፕሮቲን ነው፤ መርፌው የሚያስረውም እሱን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው

የዓይናችን የኋላ ግድግዳ ሬቲና ይባላል። መሐሉ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሰፋ ማኩላ የምትባል ቦታ አለች። ማንበብ፣ ክር በመርፌ ማሾለክ፣ የብር ኖት መለየት፣ የሰው ፊት ማወቅ የእሷ ሥራ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሬቲናው ስር ቢጫ ዝቃጭ መጠራቀም ይጀምራል። ሐኪሞች ድሩዘን ይሉታል። ከዝቃጩ በላይ ያሉት ሴሎች ቀስ በቀስ ይደክማሉ። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ መጎዳት የሚባለው ይህ ነው።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። ደረቁ ብዙውን ሰው ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል። እርጥቡ የጥቂቶች ነው፤ ግን ጨካኝ ነው። ከሬቲናው በታች ያልነበሩ አዳዲስ የደም ስሮች ይበቅላሉ። ደካማ ስለሆኑ ያፈሳሉ፣ ይደማሉ፣ በመጨረሻም ጠባሳ ጥለው ይሄዳሉ። በሽተኛው መጀመሪያ የሚያየው የተጣመመ ነገር ነው። የበሩ መቃን ይጎብጣል፣ የመጽሐፉ መስመር ይወላገዳል። ከዚያ መሐሉ ላይ ጥቁር ጥላ ይመጣል።

ጎን ለጎን ያለው ነገር ግን ይታያል። ስለዚህ ሰውየው ሳይደናቀፍ መንገድ ይሄዳል፣ ጎረቤቱን ግን ፊት ለፊት አግኝቶት ሰላም ሳይለው ያልፋል። «ኮራብን» ይባላል። ቤተሰብ ችግሩ የዓይን መሆኑን እስኪያውቅ ስንት ቅያሜ ያልፋል።

እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ለእርጥቡ መልክ የነበረው ዋና ሕክምና ሌዘር ነበር። አዲሱን የደም ስር በሙቀት ያቃጥለዋል፤ ከላይ ያለውን ሬቲናም አብሮ ያቃጥለዋል። የደም ስሩ ማኩላዋ መሐል ላይ ከሆነ ሐኪሙ ሊያድነው የመጣውን ቦታ ራሱ ይጠብሰዋል ማለት ነው። በ2000 በብርሃን የሚነቃ ቨርቴፖርፊን የሚባል መድኃኒት መጣ። ጉዳቱን አዘገየ። የጠፋን እይታ ግን እምብዛም አልመለሰም።

ስም ያልወጣለት ነገር

የደም ስሮቹን የሚያበቅላቸው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሰጠው አይዛክ ማይክልሰን የሚባል የዓይን ሐኪም ነው። ስኮትላንድ ተምሮ ኋላ ኢየሩሳሌም የሠራ ሰው ነው። በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ሬቲና ሲያድግ የደም ስሮቹ እንዴት እንደሚዘረጉ ገለጸ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል። ኦክስጅን የጠገበ ደም በሚያመጡት ስሮች ዙሪያ ቀጫጭን ስሮች አይበቅሉም፣ ባዶ ክፍት ቦታ ይታያል። ደም መላሾቹ ዘንድ ግን ይበዛሉ። ስለዚህ ሬቲናው ራሱ እንደ ፍላጎቱ የሚያመነጨው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሰራጭ አንድ ኬሚካል መኖር አለበት አለ። ኬሚካሉን አላየውም። ተከታዮቹ ለብዙ ዓመት «ፋክተር ኤክስ» እያሉ ጠሩት።

ፋክተር ኤክስን ያገኙት ዓይን ውስጥ ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች አይደሉም። በ1983 ቦስተን ውስጥ ዶናልድ ሴንገርና ሃሮልድ ድቮራክ ከካንሰር ዕጢ የሚወጣ፣ የደም ስርን የሚያስፈስስ ፕሮቲን አገኙ። በ1989 ደግሞ ካሊፎርኒያ ጄነንቴክ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ናፖሊዮን ፌራራ ከላም ፒቱዩታሪ (አንጎል ስር ካለ እጢ) ሴሎች የደም ስር የሚያሳድግ ፕሮቲን ለየ። ቪኢጂኤፍ ተባለ። ሲታይ ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። የሚያስፈስሰውም የሚያሳድገውም ያው ነው። በ1992 የኢየሩሳሌሙ የኤሊ ኬሼት ቡድን ኦክስጅን ያነሳቸው ሴሎች ይህን ፕሮቲን በብዛት እንደሚያመርቱ አሳየ። ማይክልሰን የተነበየው ጠባይ ይኸው ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በሳህን ላይ ባሉ ሴሎችና በዕጢ የታየ ነው። በሕያው ሰው ዓይን ውስጥስ?

የቦስተኑ ልኬት፣ 1994

ዓይን ለምርመራ አስቸጋሪ አካል ነው። ከጉበት ወይም ከቆዳ እንደሚደረገው ከሬቲና ትንሽ ቆርጦ ማየት አይቻልም፤ የተቆረጠ ሬቲና አይተካም። ፈሳሹን መቅዳት ግን ይቻላል። የዓይንን ሆድ የሚሞላው ቪትረስ የሚባል ዝልግልግ ነገር አለ። አራት ሚሊሊትር ገደማ ይሆናል፣ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ከፊት፣ በሌንሱና በጥቁሩ ክፍል ዙሪያ ደግሞ አኩየስ የሚባል ቀጭን ፈሳሽ አለ። እሱ ከሩብ ሚሊሊትር ብዙም አይበልጥም። ሁለቱም ሬቲናውንና አካባቢውን ስለሚነኩ ሴሎች የሚያወጡት ፕሮቲን ይገባባቸዋል።

በጆስሊን የስኳር በሽታ ማዕከል የነበሩት ሎይድ ፖል አይሎና ጆርጅ ኪንግ ያሰቡት ይህን ነው። ለማንኛውም ዓይናቸው ሊከፈት ከተያዙ በሽተኞች ፈሳሽ መውሰድ። ከ164 ሰዎች 210 ናሙና ሰበሰቡ። ብዙዎቹ ስኳር ሬቲናቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ነበሩ። ፌራራም የጥናቱ ተባባሪ ነበር፤ ፕሮቲኑን በደንብ የሚለካ መሣሪያ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ውጤቱ በታኅሣሥ 1994 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጣ።

ቁጥሮቹን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። አዳዲስ የደም ስሮች በንቃት እየበቀሉባቸው ባሉ የስኳር በሽተኞች ዓይን ውስጥ አማካዩ በሚሊሊትር 3.6 ናኖግራም ነበር። ስሮቹ ገና ባልበቀሉባቸው 0.1። በቅለው በረጉባቸው 0.2። ስኳር በሌለባቸው 0.1። ፕሮቲኑ የሚበዛው በሽታው ሲነሳ ነው፣ በሽታው ሲተኛ አብሮ ይተኛል።

እዚህ ላይ ሰነፍ ተመራማሪ ብዕሩን ያስቀምጥ ነበር። ግን አንድ ትልቅ ጥርጣሬ አለ። የታመመ የደም ስር ያፈሳል። ደም ሲፈስስ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሁሉ ዓይን ውስጥ ይገባል። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ስላገኘህ ጭቃው ከጉድጓዱ ነው ማለት አትችልም። ዛሬም የዓይን ፈሳሽ ፕሮቲን ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። የተገኘው ፕሮቲን ዓይኑ የሠራው ነው ወይስ ከደም የገባ? ብዙ ጥናቶች መቶ ፕሮቲን «ጨምሯል» ብለው ይዘረዝራሉ። ከዝርዝሩ ብዙው የደም ፕሮቲን ሆኖ ይገኛል።

የቦስተኖቹ መልስ ደስ ይላል። ከአንድ ሰው ከአንድ ዓይን በአንድ ጊዜ ከኋላም ከፊትም ፈሳሽ የተወሰደባቸው 10 ጥንድ ናሙናዎች ነበሯቸው። በአሥሩም የኋላው ይበልጣል። በአማካይ ከኋላ 8.8፣ ከፊት 5.6። ስለዚህ ፕሮቲኑ ከሬቲና ተነስቶ ወደ ፊት እየተጓዘ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሐኪሞችን ያስቸግር የነበረ ሌላ ነገር ፈታ። የስኳር በሽተኛ ሬቲና ሲጎዳ አንዳንዴ የደም ስር ከፊት በአይሪሱ (በዓይን ባለቀለም ክብ) ላይ ይበቅላል። ከጉዳቱ ያን ያህል ርቆ ለምን? ፈሳሹ ስለሚያደርሰው ነው።

ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ። ፕሮቲኑ እዚያ መኖሩ እሺ፤ ሥራ ይሠራል ወይ? የበሽተኞቹን ቪትረስ ወስደው የሬቲና ደም ስር ሴሎች ላይ ጨመሩት። ሴሎቹ ተባዙ። ቪኢጂኤፍን የሚያስር ፀረ-አካል (ተጣብቆበት ሥራውን የሚያስቆም ፕሮቲን) ሲጨምሩበት መባዛቱ ቀነሰ። በተጨማሪም ሌዘር ከተሠራላቸውና ከተሳካላቸው በኋላ በፈሳሹ ውስጥ ያለው መጠን በ75 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ኦክስጅን ያጣውን ሬቲና ሌዘሩ ሲገድለው ፕሮቲኑን የሚያመርተው ቦታ ይቀንሳል። ሐኪሞች ለዓመታት ሌዘሩ እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። ለምን እንደሚሠራ በዚህ ፈሳሽ አዩት።

የስኳር በሽተኛ ዓይን ለአዛውንቱ ምን አገባው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጉዳዩ ጠመዝማዛ ክፍልም እዚህ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው የስኳር በሽተኞች ናቸው። በማኩላ እርጅና የታመሙ ሰዎች ፈሳሽ ሲለካ ግን ነገሩ ያን ያህል ጥርት አላለም። አንዱ ጥናት ቪኢጂኤፍ ጨምሯል ይላል፣ ሌላው ከጤነኛ ዓይን የተለየ አላገኘሁም ይላል።

ምክንያቱ ይመስለኛል ቦታው ነው። በስኳር በሽታ ኦክስጅን የሚያጣው ሰፊ የሬቲና ክፍል ነው። ፕሮቲኑ በቀጥታ ወደ ቪትረስ ይፈስሳል። በእርጥቡ የማኩላ በሽታ ግን ጉዳቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ያውም ከሬቲናው ስር ተደብቆ። ወደ ፊተኛው ፈሳሽ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ከፊት በተቀዳ አሥረኛ ሚሊሊትር ውስጥ ባይገኝ ከኋላ የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለአዛውንቶቹ በሽታ ማስረጃው ከሌላ አቅጣጫ ተሰበሰበ። በ1993 የአንቶኒ አዳሚስ ቡድን ከማኩላ ስር ያለው ባለቀለም የሴል ንጣፍ ይህንኑ ፕሮቲን እንደሚያመርት አሳየ። በ1996 ደግሞ በቀዶ ጥገና ተነቅለው የወጡ የደም ስር ቁርጥራጮች ሲመረመሩ ፕሮቲኑ እዚያው ተገኘ። ጆአን ሚለርና አዳሚስ በማሳቹሴትስ አይ ኤንድ ኢር ሆስፒታል ዝንጀሮ ላይ ሠርተው ፕሮቲኑ ሲታሰር አዲስ የደም ስር እንደማይበቅል አሳዩ። ፈሳሹ በር ከፈተ፣ ቁርጥራጩና ዝንጀሮው አስገቡ።

መድኃኒቱ

ጄነንቴክ ሁለት ነገር ሠራ። አንዱ ሙሉ ፀረ-አካል ነው፣ ቤቫሲዙማብ፤ የገበያ ስሙ አቫስቲን። በየካቲት 2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ሁለተኛው ለዓይን ተብሎ የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ነው፣ ራኒቢዙማብ፤ የገበያ ስሙ ሉሴንቲስ። ሙሉው ፀረ-አካል ሬቲናን ዘልቆ አይገባም ተብሎ ስለተፈራ ነው ቁራጩ የተሠራው።

ራኒቢዙማብ የተሞከረበት ዋናው ጥናት ማሪና ይባላል። 716 በሽተኞች ገቡበት። ንጽጽር እንዲኖር አንዳንዶቹ የውሸት መርፌ ተሰጣቸው። ዓይናቸው ይደነዝዛል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ዓይናቸው ላይ ጫን ይደረጋል። ይህን በየወሩ ችለው የመጡ አረጋውያን ይመስገኑ፤ ያለ እነሱ መልሱ አይታወቅም ነበር።

ከዓመት በኋላ የውሸት መርፌ የተሰጣቸው በዓይን መመርመሪያው የፊደል ሰሌዳ ላይ በአማካይ ወደ 10 ፊደል ከስረው ነበር። ከፍተኛውን መጠን ያገኙት 7 ያህል ፊደል አተረፉ። ሦስት መስመርና ከዚያ በላይ የተሻላቸው ከመድኃኒቱ ወገን 33.8 በመቶ፣ ከውሸቱ 5 በመቶ ነበሩ። ለዚህ በሽታ እይታ አማካዩ ወደ ላይ ሲሄድ መታየቱ አዲስ ነገር ነው። በሰኔ 2006 ተፈቀደ። ዋጋው ግን ለአንድ መርፌ 2,000 ዶላር ገደማ ሆነ።

ከዚያ በፊት በ2005 ማያሚ ላይ ፊሊፕ ሮዘንፌልድ ራኒቢዙማብ እስኪፈቀድ መጠበቅ አልፈለገም። ያንኑ ፕሮቲን የሚያስረውን የካንሰሩን መድኃኒት ጥቂት ወስዶ ዓይን ውስጥ ወጋ። ሬቲናው ስር የነበረው ፈሳሽ ደረቀ። ወሬው በሐኪሞች መሐል እንደ እሳት ተዛመተ። አይገባም የተባለው ሙሉ ፀረ-አካል ገብቶ ይሠራ ነበር። አንዱ መርፌ ወደ 50 ዶላር ይደርስ ነበር።

ፋብሪካው ሁለቱን የሚያወዳድር ጥናት ለመሥራት ምን ቸግሮት? የአሜሪካ መንግሥት የዓይን ተቋም በራሱ ገንዘብ አሠራው። ካት የተባለው ይህ ጥናት በ2011 ውጤቱን አወጣ። በየወሩ ሲሰጡ ውዱ 8.5 ፊደል፣ ርካሹ 8.0 ፊደል አሻሻለ። በእይታ በኩል እኩል ናቸው ማለት ነው። በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ርካሹን ለዓይን አስፈላጊ ከሆኑ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

እኛ ጋ ሲደርስ

በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተሠራው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ግማሹን ያህል የዓይን ሞራ ያመጣው እንደሆነ አሳየ። ትራኮማ ቀጥሎ 11.5 በመቶ ነው። የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ ይዟል፣ ግላኮማን ለጥቂት ነው የሚያንሰው። ትንሽ ይመስላል። ግን ሞራ በአንድ ቀዶ ጥገና ያልቃል። የማኩላው ሕክምና ግን ምልልስ ነው። አብዛኞቹ የሬቲና ሐኪሞች አዲስ አበባ ስለሆኑ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የመኪናውን፣ የማደሪያውን፣ አጅቦት የሚመጣውን ልጅ የቀረ የቀን ሥራ ጭምር ይከፍላል።

አቫስቲን ርካሽ የሆነው ስለሚከፋፈል ነው። ትንሹ ብልቃጥ 4 ሚሊሊትር ይይዛል። ለአንድ ዓይን የሚበቃው 0.05 ሚሊሊትር ነው። በስሌት ከአንድ ብልቃጥ 80 መርፌ ይወጣል፤ በተግባር ከዚህ ያንሳል። ነገር ግን ሲከፋፈል ንጽሕናው ካልተጠበቀ ጀርም ገብቶ ዓይን ይጠፋል። በ2011 ማያሚ አካባቢ 12 ሰዎች ከአንድ ቦታ በተከፋፈለ መድኃኒት ዓይናቸው ተመርዟል። ስለዚህ የሚወጉ ወላጆች ያሏችሁ «ብልቃጡ የት ነው የሚከፋፈለው?» ብላችሁ ሐኪሙን ብትጠይቁ ነውር የለውም። ከተወጉ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመና እይታው ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን መመለስ ነው።

ደረቁስ?

ከላይ ያለው ሁሉ ለእርጥቡ ነው። ለደረቁ ቪኢጂኤፍን ማሰር አይጠቅመውም። እዚያ ሌሎች ፕሮቲኖች ተጠረጠሩ። በ2005 በርካታ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ኮምፕሊመንት ፋክተር ኤች የሚባለውን ጂን ከበሽታው ጋር አገናኙት። ኮምፕሊመንት ደም ውስጥ ጀርም የሚያጠቃ የፕሮቲኖች ሰንሰለት ነው። ፋክተር ኤች ልጓሙ ነው። ልጓሙ ሲላላ ሰንሰለቱ የራስን ሬቲና ይነክሳል የሚል ሐሳብ ተነሳ። የበሽተኞች የፊተኛው ፈሳሽ ሲመረመርም ይህ ሰንሰለት ሲሠራ የሚተዋቸው ስብርባሪዎች ጨምረው ተገኙ።

ጂኑ አለ፣ ፈሳሹ ይመሰክራል፣ ታዲያ ምን ቀረ? ቀርቷል። የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት የሚያስር ላምፓሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ተሠራ። በ2017 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ላይ ከውሸት መርፌ ሳይሻል ቀረ።

መለኪያው በበኩሉ በጣም ተራምዷል። የቦስተኖቹ አንድ ፕሮቲን ነበር የለኩት። በ2023 የስታንፎርዱ የቪኒት ማሃጃን ቡድን ከፊተኛው ፈሳሽ ጠብታ ወደ 6,000 የሚጠጉ ፕሮቲኖችን ለካ። እያንዳንዱን በየትኛው የዓይን ሴል እንደሚሠራ ከሚያሳይ ካርታ ጋር አገናኘው። ያ የጎርፉና የጉድጓዱ ጥያቄ በአብዛኛው በዚህ ይቀላል። ዓይኑ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ አርጅቶ እንደሆነም ከፕሮቲኖቹ ማንበብ ችለዋል።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ለደረቁ በሽታ ከባድ ደረጃ ሁለት ኮምፕሊመንት አሳሪዎችን ፈቀደች፤ ፔግሴታኮፕላንን በየካቲት፣ ሌላውን በነሐሴ። በዓይን ፎቶ ላይ የሞተው ቦታ የሚሰፋበት ፍጥነት ቀንሷል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የፔግሴታኮፕላንን ማስረጃ አየና በ2024 አልፈቅድም አለ። በፎቶው ላይ የታየው መዘግየት በሰዎቹ እይታና የዕለት ኑሮ ላይ ለውጥ ሲያመጣ አልታየም የሚል ነበር ምክንያቱ።